ዳግም ለመመረጥ የሚወዳደር ሴናተር በአካባቢ ጥበቃ ረገድ የሠራውን እንዴት መመርመር ይቻላል?

በምርጫ ዓመት የሚወጣ የቅስቀሳ ማስታወቂያ፣ በተለይ እንደ ኮሎራዶ ባለ ተራራማ ግዛት፣ ጫካና ወንዝ ሳያሳይ አያልፍም። ዴንቨርና አውሮራ የሚኖሩትን በርካታ ወገኖቻችንን ጨምሮ ማንኛውም መራጭ ማስታወቂያውን ወደ ጎን ትቶ፣ ሴናተሩ በስድስቱ የሥራ ዓመታት ስሙ በተጠራ ቁጥር የሰጠውን ድምፅ ቢመለከት ይሻለዋል።

እ.ኤ.አ. በ2020 የተወዳደሩት የኮሎራዶው ሪፐብሊካን ሴናተር ኮሪ ጋርድነር ጥሩ መማሪያ ናቸው። ከሞንታናው ስቲቭ ዴንስ ጋር የገፉት የመናፈሻዎችና የመሬት ጥበቃ ሕግ በዚያው ዓመት በጁን ወር በሴኔቱ 73 ለ25 አልፎ በኦገስት 4 ተፈረመ፤ ለመሬትና ውኃ ጥበቃ ፈንድም በየዓመቱ 900 ሚሊዮን ዶላር በቋሚነት መደበ። ይህ በእኔ ግምት ቀላል ሥራ አይደለም። ይሁን እንጂ መዝገቡን ወደ ኋላ የገለጠ ሰው፣ በፌብሩዋሪ 2017 የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲን ከአሥር ጊዜ በላይ ከስሰው የነበሩት ስኮት ፕሩት ኤጀንሲውን እንዲመሩ 52 ለ46 ሲጸድቅ ጋርድነር ከደጋፊዎቹ እንደነበሩ፣ በዲሴምበር 2017ም በአላስካ የሚገኘውን የአርክቲክ የዱር እንስሳት መጠለያ ለነዳጅ ቁፋሮ የከፈተውን የግብር ሕግ ደግፈው ድምፅ እንደሰጡ ያገኛል።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት፣ ስለ ተፈጥሮ የሚወስን አንቀጽ በግብር ሕግ ውስጥ ሊሸጎጥ ስለሚችል በርዕስ ብቻ መፈለግ እንደማይበቃ ነው። ቁጥሩም ያሳስታል፤ ጋርድነር ያቀረቡት ረቂቅ የሴኔት ቁጥር 3422 ቢሆንም፣ ሕግ ሆኖ የወጣው ግን አስቀድሞ ስለ ግብር አስተዳደር በተጻፈውና የተወካዮች ምክር ቤት ቁጥር 1957 በተሰጠው ሰነድ ላይ ተጭኖ ነው። በመጀመሪያው ቁጥር ብቻ የፈለገ ሰው ረቂቁ መንገድ ላይ የቀረ ይመስለዋል። ስለዚህ ረቂቆች በሚመዘገቡበት የኮንግረሱ ድረ ገጽ፣ ኮንግረስ ዶት ጎቭ ላይ «ተዛማጅ ረቂቆች» የሚለውን ክፍል ሳያዩ አይለፉ። የድምፅ ዝርዝሩን ደግሞ ከሴኔቱ ድረ ገጽ ያገኙታል፤ በስም ጥሪ ያልተወሰነ ጉዳይ ላይ ግን ማን ምን እንዳለ የሚያሳይ መዝገብ የለም።

ጊዜ ያጠረው ሰው ሊግ ኦፍ ኮንሰርቬሽን ቮተርስ የተባለው ድርጅት ከ1970 ጀምሮ የሚያወጣውን የነጥብ ሰንጠረዥ ማየት ይችላል። የሚቆጠሩትን ድምፆች የሚመርጠው ግን ድርጅቱ ራሱ ነው፤ በምርጫም ዕጩዎችን ይደግፋል፤ በ2020 የደገፈው በመጨረሻ ያሸነፉትን የጋርድነርን ተፎካካሪ ጆን ሂከንሉፐርን ነበር። በተጨማሪም ከስብሰባ መቅረትን እንደ ተቃውሞ ድምፅ ስለሚቆጥር፣ ታምሞ የከረመ ሴናተር ነጥቡ ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል።

የገንዘቡን ምንጭ የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ያሳውቃል። በአንድ የምርጫ ዘመን ከ200 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ከነአሠሪው ስም ይመዘገባል፤ ኩባንያዎች በቀጥታ ለዕጩ መስጠት ስለማይፈቀድላቸው የነዳጅ ኩባንያን ስም የሚያገኙት በአብዛኛው ኩባንያዎች ባቋቋሟቸው የፖለቲካ ኮሚቴዎች (ፓክ) ዝርዝር ውስጥ ነው።

በመጨረሻ ለሴናተሩ ጽሕፈት ቤት ይጻፉ። «ስለ ተፈጥሮ ምን ያስባሉ?» ብሎ መጠየቅ ያው የማስታወቂያውን ቃል መልሶ ያመጣል፤ የድምፁን ቀን፣ የረቂቁን ቁጥርና የሰጡትን ድምፅ ጠቅሰው ምክንያቱን ይጠይቁ።