በመጸው ዳክዬና ሲጋል ለማየት ሐይቅ ዳር ስትወጡ

መጀመሪያ ፀሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጉ። ውሃ ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ፣ ፊት ለፊት ከመጣባችሁ ወፉ ሁሉ ጥቁር ጥላ ይሆንባችኋል። ለጀማሪ 8×42 ባይኖኩላር ይበቃል። 8 የሚያጎላበት መጠን ነው፣ 42 ደግሞ የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊ ሜትር። ሰፊ ሐይቅ ላይ ቴሌስኮፕ ከነማቆሚያው ቢኖር ደስ ይላል።

በመጸው መጀመሪያ የዳክዬን ቀለም አትመኑ። ወንዶቹ ከእርባታ በኋላ ላባ ስለሚቀይሩ ሴቶቹን ይመስላሉ። እኔ ቀድሜ የማየው ምንቃሩን ነው። ማንኪያ የመሰለ ሰፊ ምንቃር ያለውን ዳክዬ ከሌላው ማምታታት ይከብዳል። ቀጥሎ አመጋገቡን እዩ። ጭራውን ሽቅብ ሰቅሎ አንገቱን ብቻ የሚነክረው ዳክዬ ከውሃው ቀጥ ብሎ ይነሳል። ጠልቆ የሚመገበው ግን ለመብረር ውሃው ላይ መንደርደር አለበት።

ሲጋል የሚባሉት ነጭና ግራጫ የባሕር ወፎች ትዕግስት ይፈልጋሉ፤ እኔም ከሁሉ የምወደው እነሱን ነው። ትልልቆቹ ሙሉ የአዋቂ ላባ ለማውጣት 4 ዓመት ገደማ ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ አንድ መንጋ ውስጥ ቡናማ፣ ዝንጉርጉርና ግራጫ ሆነው የምታዩዋቸው አንድ ዝርያ ሊሆኑ ይችላሉ። የእግራቸውን ቀለም፣ የምንቃራቸውን ውፍረት፣ የክንፋቸውን ጫፍ ማስታወሻ ላይ ጻፉ። ባለ ጥቁር ራሱ ትንሹ ሲጋል በዚህ ወቅት ጥቁሩን ይጥልና ከዓይኑ ኋላ ነጥብ ብቻ ይቀረዋል። ለአዳር የሚሰበሰቡት አመሻሽ ላይ ነው፤ ፀሐይ ከመጥለቋ 1 ሰዓት በፊት ቦታ ያዙ።

ዳክዬዎቹ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው መራቅ ከጀመሩ በጣም ቀርባችኋል ማለት ነው። ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ። ስብ የሚያጠራቅሙት ለረጅም ጉዞ ነው፤ ባስነሳናቸው ቁጥር ያንን ጉልበት እናስጨርሳቸዋለን።