በእህል ፋንታ ብርና ኩፖን ሲታደል የሚሠሩ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት፣ ሰው ተራበ ማለት እህል ጠፋ ማለት ይመስለናል። በ1965ቱ የወሎ ረሃብ ጊዜ የደሴ ገበያ ዋጋ ያን ያህል አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ እህል ይጫን እንደነበር ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን አሳይቷል። ገበሬው ያጣው መግዣውን ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ስንዴ ከሩቅ አምጥቶ መበተን ትርፍ ያመረተውን ጎረቤቱን ገዢ ያሳጣዋል።

ተቃራኒውም ያው ነው። መንገድ ተዘግቶ፣ የነጋዴው መጋዘን ባዶ ሆኖ ብር ማደል ዋጋ ከመስቀል ሌላ ጥቅም የለውም። ስለዚህ አስቀድሞ በገበያ ቀን ወርዶ ነጋዴውን መጠየቅ ነው፦ «ገዢ ቢበዛ በሳምንት ስንት ኩንታል ታስገባለህ? ከየት?» የዛሬውን ዋጋ ብቻ መዝግቦ መመለስ አይበቃም።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ክፍያውን አንዴ ተምኖ መርሳት ነው። ሴፍቲኔት፣ ማለትም የተቸገረውን ሰው እርከንና መንገድ እያሠራ በእህል ወይም በብር የሚከፍለው የመንግሥት ፕሮግራም፣ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የቀን ክፍያው 6 ብር ነበር፤ 3 ኪሎ እህል ይገዛል ተብሎ። 2000 ዓ.ም. ላይ የእህል ዋጋ ሲተኮስ ክፍያው ወደ 8 ብር ቢያድግም ገበያውን አልደረሰበትም። እኩል እርከን የሠሩ ሁለት ጎረቤታሞች፣ አንዱ እህሉን ይዞ ሲገባ ሌላው በብሩ ያንኑ ያህል መግዛት አቃተው። ብዙው ሰው «እህሉን ስጡን» ቢል ምን ይገርማል? ዋጋው ከዚህ ካለፈ ብሩ ይጨመራል፣ ወይም በእህል ይተካል የሚለው ከመጀመሪያው መጻፍ አለበት።

መዘግየትም አለ። የሚያዝያው ክፍያ ሰኔ ላይ ሲደርስ ሰውየው በዱቤ በልቶ ጨርሷል። ብሩ እጁ ላይ ሳይሞቅ ወደ አበዳሪው ይሄዳል።

ኩፖን ከሆነ ደግሞ ለአንድ ሱቅ ብቻ መስጠት አደጋ ነው። «ሌላ የት ይሄዳሉ» ያለ ነጋዴ ሚዛን ይሰርቃል፤ የነቀዘውን ባቄላ ከጓዳ ያወጣል። ጥሬ ብር የቸገረውም ኩፖኑን ከዋጋው በታች ይሸጥለታል። ሦስት አራት ነጋዴ ይግባ፣ ዋጋው በር ላይ ይለጠፍ፣ ሸማቹ ደግሞ የሚመዝንበት ሌላ ሚዛን አጠገቡ ይኑር። የጋሪና የወፍጮ ሂሳብም ይታሰብለት።

«ብሩን አረቄ ይጠጡበታል» የሚለውን ወሬ ግን ተዉት። በብዙ አገር የተሠሩ ጥናቶች ሲገመገሙ፣ በአመዛኙ ለመጠጥና ለሲጋራ የሚወጣው ገንዘብ እንዳልጨመረ ነው የታየው።