የወረቀት ካርታን በሳተላይት ምስል ላይ መደረብ፦ የወሎን አካባቢ ለምትሠሩ

ባለ 1:50,000 የወረቀት ካርታን በሳተላይት ምስል ላይ ለመደረብ ሁለት ነጻ ፕሮግራሞች ይበቃሉ። ለፈጣን እይታ ጉግል ኧርዝ ፕሮ ጥሩ ነው፦ «ኢሜጅ ኦቨርሌይ»ን መርጣችሁ ምስሉን አስገቡ፣ ከሥሩ ያለው እንዲታይ ግማሽ በግማሽ አሳሱት፣ በአረንጓዴዎቹ መስመሮች እየጎተታችሁ አስተካክሉ፣ በኬኤምዜድ (በጉግል ኧርዝ የፋይል ዓይነት) አስቀምጡ። ርቀት ወይም ወሰን የሚለካበት ካርታ ከሆነ ግን በዚህ አትመኑ፤ ኪውጂአይኤስ የተባለው የካርታ ሥራ ፕሮግራም ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ካርታውን በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ስካን አድርጉ። አንዱ ፒክስል መሬት ላይ 4 ሜትር ገደማ ይሆናል። በስልክ ካሜራ የተነሳ ካርታ ጠርዙ ይጎብጣል።

ምስሉን በኪውጂአይኤስ «ጂኦሬፈረንሰር» (ምስልን ከመሬት አቀማመጥ ቁጥሮች ጋር በሚያገናኘው መሣሪያ) ከፍታችሁ ካርታው ላይ በየ2 ሴንቲሜትሩ ከተሰመሩት መስመሮች መገናኛዎቹን ምረጡ። አራቱን ማዕዘን ያዙ፣ መሐል ላይም ቢያንስ አራት ጨምሩ። ጠርዙ ላይ በትልቁ የሚታተመው ሁለት አኃዝ ብቻ ስለሆነ ሙሉውን ቁጥር ማስገባት አትርሱ፦ ደሴ ከተማ አካባቢ ምሥራቁ 569000፣ ሰሜኑ 1230000 ገደማ መሆን አለበት። ከዚህ እጅግ የራቀ ቁጥር ካያችሁ አኃዝ ተዘሏል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዳተሙ ላይ፣ ማለትም የካርታው ቁጥሮች በሚለኩበት መነሻ ላይ ነው። የካርታውን ግርጌ አንብቡ። «አዲንዳን» የሚል የዳተም ስም ካለ በኪውጂአይኤስ የምትመርጡት ኮድ 20137 ነው፤ ወሎ በዩቲኤም (መሬትን በዞን ከፍሎ በሜትር በሚለካው ሥርዓት) ዞን 37 ውስጥ ነውና። ለጂፒኤስ የሚያገለግለውን 32637 ብትመርጡ ካርታው ወደ ደቡብ 200 ሜትር፣ ወደ ምዕራብ 90 ሜትር ገደማ ይንሸራተታል። መንገዱ ሁሉ በእኩል መጠን ወደ አንድ ጎን ከሸሸ ነጥቦቹን አትነካኩ፤ ጥፋቱ እዚህ ነው።

ምስሉ በነጥቦቹ ላይ የሚገጠምበትን ስሌት «ፖሊኖሚያል 1» አድርጉ። አማካይ ስሕተቱ ከ3 ፒክስል ካለፈ ከሁሉም የባሰውን ነጥብ ፈልጋችሁ አርሙ። «ፖሊኖሚያል 3» ስሕተቱን ዝቅ አድርጎ ያሳያል፣ ነገር ግን በነጥቦቹ መካከል ያለውን መሬት ያጣምመዋል።

መስመር የሌለው የከተማ ፕላን ከሆነ ቦታቸው የማይለወጥ ምልክቶችን ያዙ፦ ድልድይ፣ የመንገድ መገናኛ፣ የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ማኮብኮቢያ ጫፎች። የሐይቅን ዳርቻና የቦርከና ወንዝን አሸዋ ግን ተዉ፤ ውኃው ሲሞላና ሲጎድል ቦታቸው ይለወጣል። የአየር ፎቶ ላይ ደግሞ የከተማው ሜዳ ልክ ገብቶ የጦሳ ተራራ ወገብ አልገጥም ቢል፣ ከፍታው ምስሉን አዛብቶት ነው። ነጥብ መጨመር አያድነውም፤ በከፍታ መረጃ የሚታረም ነው።

ለመስክ ሥራ «ጄነሬት ኤክስዋይዜድ ታይልስ» በሚለው ወደ ኤምቢታይልስ (ካርታውን በትናንሽ ቁራጮች ወደሚይዝ ፋይል) ቀይራችሁ ስልካችሁ ላይ በኪውፊልድ መተግበሪያ ክፈቱት፤ ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል። ዙሙን 15 ላይ ግቱት። 16 ብታደርጉት ፋይሉ አራት እጥፍ ገደማ ያብጣል እንጂ ከ300 ዲፒአይ ስካን ተጨማሪ ዝርዝር አይወጣም።