ያልተፈረመው ጽሑፍ የማን ነው? የአጻጻፍ ስልት ቆጠራ ሲስት

ጅማ ውስጥ የአንድ የሥነ ጽሑፍ ክበብ አሮጌ ማኅደሮች እጄ ገቡ። አብዛኞቹ ጽሑፎች ስም የላቸውም፤ በክበቡ ይጽፉ እንደነበር የሚታወቁት ግን አራት ሰዎች ናቸው። እያንዳንዱ ጸሐፊ የሚያዘወትራቸውን ቃላት በኮምፒውተር ቆጥሬ የትኛው የማን እንደሆነ ለመለየት ተነሣሁ። ደጋግሜ ተሳሳትሁ፤ ስህተቶቼን እንደየምልክታቸው ጻፍኋቸው።

ምልክት፦ ስለ ቡና የተጻፈ ሁሉ የአንድ ሰው ሆኖ ይወጣል

የመጀመሪያው ውጤቴ እንዲህ ነበር። «ጀንፈል»፣ «ቀሸር»፣ «ለቀማ» የሚሉ ቃላት ያሉባቸው ጽሑፎች በሙሉ ለአንድ ደራሲ ተሰጡ። ጅማ ላይ ተቀምጦ ስለ ቡና ያልጻፈ ማን አለ?

ምክንያቱ፣ የተቆጠረው የጸሐፊው ልማድ ሳይሆን ርዕሰ ጉዳዩ መሆኑ ነው። መፍትሔው ተራዎቹን ቃላት መቁጠር ነው፦ «ነገር ግን»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «ደግሞ»፣ «ዘንድ»፣ «ያህል»። ጸሐፊ ለእነዚህ አይጨነቅም፤ ስለዚህ ይበልጥ ያጋልጡታል። የስታቲስቲክስ ሊቃውንቱ ፍሬድሪክ ሞስቴለርና ዴቪድ ዋላስ እ.ኤ.አ. በ1964 ያሳተሙት ጥናት የቆመው በዚሁ ላይ ነበር። የአሜሪካ ፖለቲከኞቹ ሃሚልተንና ማዲሰን ሁለቱም «የእኔ ናቸው» የተባሉባቸውን 12 የፌዴራሊስት መጣጥፎች (የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ለመደገፍ በብዕር ስም የታተሙ ጽሑፎች) ሲመረምሩ፣ ሃሚልተን «አፖን» የተባለውን የእንግሊዝኛ መስተዋድድ በ1000 ቃላት ውስጥ 3 ጊዜ ያህል ሲጠቀም ማዲሰን ግን እምብዛም እንደማይነካው አገኙ። እንዲህ ያሉ ቃላት ተደማምረው 12ቱንም ወደ ማዲሰን አጋደሉ።

ምልክት፦ ለእንግሊዝኛ የሠራው ዘዴ አማርኛ ላይ ምንም አይለይም

እንግሊዝኛ መስተዋድዱን ለብቻው ያቆመዋል፤ አማርኛ ከስሙ ጋር ያጣብቀዋል። «ከቤቱም» ለማሽኑ አንድ ቃል ነው፤ ውስጡ ያሉትን «ከ» እና «ም» አያያቸውም። ፊደላችንም ይጨምርበታል፦ «ቤት»፣ «ቤቱ»፣ «ቤቴ» ስንል የመጨረሻው ፊደል ራሱ ይለወጣል። ቃሉን ወደ ምዕላዶቹ፣ ማለትም ትርጉም ወዳላቸው ትንንሽ ክፍሎቹ፣ የሚከፍል ፕሮግራም ካለ በእሱ ይጠቀሙ። ከሌለ እያንዳንዱን ፊደል ወደ ተነባቢና አናባቢ ፈትተው፣ ባዶ ቦታውንም ጨምረው ሦስት ሦስት ወይም አራት አራት ድምፅ እየቆረጡ ይቁጠሩ። ለእኔ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይህ ነው።

ምልክት፦ አንዱ ደራሲ ለሁለት ይከፈላል

ብዙ ቀን ያባከነብኝ ይህ ነው። ጸሐፊያቸው በእርግጥ የሚታወቅ ጽሑፎች ሁለት ቡድን ሆነው ወጡ። ሰውየው በመሐል ስልቱን ቀይሯል ብዬ ምክንያት መፈልሰፍ ጀምሬ ነበር። ለካስ የተከፈለው ደራሲው አልነበረም፤ ጽሑፎቹ በሁለት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ተተይበው ነበር። አንዷ ጸሐፊ «ሥራ»፣ «ዓለም»፣ «ፀሐይ» ስትል ሌላዋ «ስራ»፣ «አለም»፣ «ጸሀይ» ብላለች። አንዷ አራት ነጥቡን በአንድ ምልክት ትዘጋለች፤ ሌላዋ ሁለት ነጥብን ሁለቴ ትመታለች። ለዓይን ልዩነት የለውም፤ ለማሽኑ ግን ሌላ ምልክት ነው። «ትምህርት ቤት» እና «ት/ቤት»ም እንደዚያው።

ስለዚህ ከመቁጠርዎ በፊት ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ያምጡ፦ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ። ነጥቦቹንና ምሕጻረ ቃላቱንም እንዲሁ። የመጀመሪያውን ቅጂ ግን አይጣሉ። ጽሑፉ የደራሲው የራሱ የእጅ ጽሑፍ ከሆነ የፊደል ምርጫው ራሱ ማስረጃ ነው፤ ሠንና ሰን በዘፈቀደ የሚቀያይር ሰው እና የቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው አንድ አይደሉም።

የዚህ ተገላቢጦሽም አለ፦ የአምስት ሰው ደብዳቤ የአንድ ሰው ይመስላል። ማመልከቻ ከሆነ አይድከሙ። በመሥሪያ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግቶ የተቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ነው የጻፈው፤ ማሽኑም ልክ ነው።

ምልክት፦ ማሽኑ ሁልጊዜ አንድ ስም ይጠራል

ጆን በሮውስ እ.ኤ.አ. በ2002 ያቀረበው ዴልታ የተባለ መለኪያ ከእጩዎቹ መካከል ቅርቡን ይመርጣል። ቅርብ ማለት ግን እሱ ነው ማለት አይደለም፤ እውነተኛው ደራሲ ከአራቱ ውጭ ቢሆን እንኳ ከአራቱ አንዱ ይጠራል። እኔ ክበቡን ረግጠው የማያውቁ ሰዎችን ጽሑፎች በእጩነት ቀላቀልሁ። ያልተፈረመው ጽሑፍ ለእነሱ ሲሰጥ ውጤቱ ዋጋ እንደሌለው አወቅሁ። የታወቁ ጽሑፎችንም ስማቸውን ደብቄ ሰጠሁት፤ እነሱን ካልለየ የማይታወቀውን ሊለይ አይችልም። ሰባት ጽሑፎች ዛሬም «ያልታወቀ» በሚለው ማኅደር ውስጥ ናቸው።

ምልክት፦ በየሙከራው ስሙ ይቀያየራል

ጽሑፉ አጭር ነው። ለአንድ ሰው ጥቂት ሺህ ቃላት ካልተገኘ ልማድ አይታይም። በቅርቡ አንድ የማከብራቸው ኃላፊ ስም የሌለው አቤቱታ ይዘው መጡ፤ ግማሽ ገጽ አይሞላም። «ከሠራተኞቼ የትኛው እንደሆነ ማሽንህ ይንገረኝ» አሉኝ። «ጋሼ፣ ስም ይጠራልዎታል፤ ችግሩም እሱ ነው» ብዬ ወረቀቱን መለስሁላቸው። አላመኑኝም መሰለኝ፤ ቡናቸውን ሳይጨርሱ ወጡ።