«ብርድ ነው» ያለን ሕመምተኛ ምን ብለን እንጠይቀው? የደረት በሽታዎችን የሕመም ታሪክ ስለ መውሰድ

ሳል ወይም የደረት ሕመም ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ የበሽታውን ስም አብሮ ይዞ ይገባል። «ብርድ ነው»፣ «ምች መታኝ»፣ «ሳይነስ አለብኝ»፣ «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» ይላል። ችግሩ እነዚህ ቃላት በሕዝቡ ዘንድ ያላቸው ትርጉም ከሕክምናው ትርጉም ጋር ሁልጊዜ አለመግጠሙ ነው። ብርድ የሚለው ቃል ከጡንቻ ሕመም አንሥቶ እስከ ሳንባ ሽፋን መቆጣት ድረስ ሁሉንም ያቅፋል። ምች ሲባል ደግሞ አብዛኛው ሰው የሚያስበው ትኩሳትና የከንፈር መቁሰል የሚያመጣውን፣ ዳማከሴ ተጨምቆ የሚጠጣለትን ሕመም ነው፤ የሳንባ ምች ማለቱ አይደለም። ስለዚህ መርማሪው ሕመምተኛው የተናገረውን ቃል እንዳለ በካርዱ ላይ ጽፎ «ብርድ ሲሉ ምን ይሰማዎታል? ቦታውን በእጅዎ ያሳዩኝ» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን ሕመምተኛው ለጥያቄ የሚበቃ ጊዜ ያለው መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያርፍ መጨረስ ያቃተው፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ የተደናገረ ወይም ብዙ ደም የሚያስል ሰው መጀመሪያ ኦክስጅንና አስቸኳይ እርዳታ ያግኝ፤ ታሪኩን አስታማሚው ሊነግረን ይችላል። ሌላው መስኮት ነው። ሕመምተኞች ንፋስ እንዳይመታቸው መስኮት መዝጋት ይወዳሉ፤ እኛ ግን የሚያስል ሰው ባለበት ክፍል አየር እንዲዘዋወር እንፈልጋለን። ምክንያቱን በትሕትና አስረድቶ መክፈት፣ የሚያስለውንም ሰው አፍና አፍንጫውን በጭምብል እንዲሸፍን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጊዜ ነው። «ሰነበተብኝ» የሚለው መልስ ሦስት ቀንም ሦስት ወርም ሊሆን ስለሚችል፣ በተለይ ከገጠር የመጡ አረጋውያንን በበዓላትና በአጽዋማት እያስታወሱ መጠየቅ ይጠቅማል፦ «ከጥምቀት በፊት ነው የጀመረዎት ወይስ በኋላ?»፣ «ረመዳን ሲገባ ያስልዎት ነበር?»። ቀኑ ዋጋ አለው። በሀገራችን አሠራር ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው ለቲቢ ይመረመራል፤ ኤችአይቪ በደሙ ውስጥ ያለ ሰው ግን ሳሉ የፈለገውን ያህል ቀን ቢቆይ ይመረመራል። በጥቂት ቀናት ውስጥ በብርቱ ትኩሳትና በማንቀጥቀጥ ጀምሮ፣ ትንፋሽ ሲስቡ ጎንን የሚወጋና ዝገት የመሰለ አክታ የሚያመጣ ሕመም የሳንባ ምችን ያሳስባል። በደቂቃዎች ውስጥ ድንገት የመጣ ውጋትና የትንፋሽ ማጠር ሲሆን ደግሞ ከሳንባ ውጭ አየር መጠራቀሙን ወይም ወደ ሳንባ የሄደ የረጋ ደም መኖሩን መጠርጠር ይገባል፤ ያን ጊዜ በቅርቡ የወለደች፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ወይም አንድ እግሯ ያበጠ መሆኑን ሳይጠይቁ ማለፍ ትልቅ ስሕተት ነው።

ስለ አክታ መጠየቅ ትዕግሥት ይፈልጋል። ብዙ ሰዎች፣ ይልቁንም ሴቶች፣ በሰው ፊት መትፋት ስለሚያፍሩ አክታቸውን ይውጡታል፤ ሲጠየቁም «ደረቅ ሳል ነው» ብለው ይመልሳሉ። «ሲያስሉ ወደ አፍዎ የሚመጣ ነገር አለ? ይውጡታል ወይስ ይተፉታል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ቀለሙን፣ ሽታውንና መጠኑን ማጣራት ይቀላል፤ ጠዋት ጠዋት በስኒ የሚለካ መግል የመሰለ አክታ ለዓመታት ሲያወጣ የኖረ ሰው የአየር ቧንቧዎቹ በቋሚነት ሰፍተው ሊሆን ይችላል። «ደም ተፋሁ» ላለ ሰው ደግሞ ደሙ ከየት እንደመጣ መለየት ያስፈልጋል። ከሳል ጋር የወጣ፣ ደማቅና አረፋ ያለው ደም ከሳንባ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ በማስመለስ የወጣና የቡና አተላ የመሰለው ከጨጓራ ነው፤ ነስርና የድድ መድማትም መረሳት የለባቸውም።

የትንፋሽ ማጠርን በቁጥር ከመጠየቅ ይልቅ በሰውዬው የዕለት ሥራ መለካት የተሻለ ነው። ውሃ ቀድታ ስትመለስ ዱሮ ስንት ጊዜ ታርፍ ነበር፣ አሁንስ? ዳገቱን ከእኩዮቹ ጋር እኩል ይወጣል? ልብስ ሲለብስ ይደክመዋል? መተኛት ላይም በስንት ትራስ ብሎ ብቻ ማለፍ አይበቃም፤ ትራስ የማይጠቀም ሰው ብዙ ነውና «ተጋድመው መተኛት ይችላሉ ወይስ ተደግፈው ነው የሚያድሩት?» ማለት ይሻላል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ሰዓት ላይ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ማፈን በአስምም በልብ ድካምም ይታያል። አስም የሚመጣና የሚሄድ ነው፤ ሲር ሲር ይላል፣ በአቧራ፣ በጢስ፣ በቅዝቃዜ ይነሣል፣ በመካከሉ ሰውዬው ደኅና ይሆናል። እግር ካበጠና ተጋድሞ መተኛት ካልተቻለ ግን ልብን እንመልከት። ለዓመታት በአስም ስም ፓፍ (በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት) ሲወስዱ የቆዩ ወጣት ሴቶች በመጨረሻ የልብ ቫልቭ መጥበብ የተገኘባቸው ሲሆን አይቻለሁ። በልጅነት የመገጣጠሚያ እብጠትና ሕመም ነበረባቸው ወይ የሚለው ጥያቄ ቀድሞ ቢጠየቅ ኖሮ መንገዱ ያጥር ነበር።

ሕመምን በተመለከተ፣ ትንፋሽ ሲስቡ የሚብስ ውጋት ከሳንባ ሽፋን፣ በጣት ሲጫኑት የሚያም ከጡንቻና ከጎድን አጥንት የመምጣት ዕድሉ ሰፊ ነው። ደረት መካከል የሚጫን፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድና የሚያልብ ሕመም ሕመምተኛው ጨጓራ ቢለውም እንደ ልብ ሕመም ተቆጥሮ ወዲያው ይታይ።

የሌሊት ላብ ስንል ልብስ የሚያስለውጥ ላብ ማለታችን ነው፤ ቆላ ለሚኖር ሰው ይህን መለየት ግድ ነው። ክብደት መቀነሱን «ጾም ላይ ስለነበርኩ ነው» ብሎ የሚያቃልል ስለሚኖር፣ ጾሙ ከተፈታ በኋላ ተመልሶ እንደሆነና ቀበቶው ወይም ቀሚሱ ሰፍቶ እንደሆነ ይጠየቅ።

ከኑሮ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ማጀት ነው። «ሲጋራ አላጨስም» ያለች እናት ለሠላሳ ዓመታት መስኮት በሌለው ማጀት በማገዶና በኩበት እንጀራ ስትጋግር ኖራ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ጢስ ቋሚ የአየር ቧንቧ መጥበብ እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። ወፍጮ ቤት፣ ጥጥ ፋብሪካ፣ ድንጋይ መጥረብ፣ በረኪና ከሌላ ማጽጃ ጋር እየቀላቀሉ ቤት ማጽዳት፣ ሁሉም ይጠየቁ። የጥጥ ሠራተኛ ከዕረፍት በኋላ ሰኞ ደረቱ የሚታፈን ከሆነ ፍንጩ እዚያ ነው። መድኃኒትም አይረሳ፤ ለደም ግፊት ኢናላፕሪል የሚወስድ ሰው የማይለቀው ደረቅ ሳል ከዚሁ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። የቲቢ ሕክምና ወስዶ እንደሆነ፣ ስንት ወር እንደወሰደና አቋርጦ እንደሆነ የሚጠየቀው ከአስታማሚ ተለይቶ ነው። ጸበል ገብቶ ከነበረ በወቀሳ ቃል ከጠየቅነው ይደብቃል። «መድኃኒቱን እዚያም ይወስዱት ነበር?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ እውነቱን ያመጣል።

ሕፃንን የሚያስታምም ሰው ሲመጣ ከታሪኩ በተጨማሪ ትንፋሽ በአንድ ደቂቃ ሙሉ ይቆጠር፤ ልጁ በማያለቅስበት ሰዓት መሆን አለበት። ከ2 ወር በታች 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 11 ወር 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ 40ና ከዚያ በላይ ፈጣን ይባላል። መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የሚያንቀጠቅጠው፣ የገባውን ሁሉ የሚያስመልስ ወይም የፈዘዘ ልጅ ሳይዘገይ ይላክ።

በመጨረሻ የጻፉትን ለሕመምተኛው በራሱ ቃል መልሰው ያንብቡለትና «የሳትኩት አለ?» ይበሉት፤ የሚያርመው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ቀኑ ነው። ለምርመራ የሚሆነውን የአክታ ዕቃ ሲሰጡትም ምራቅ እንዳይሆን፣ በረጅሙ ተንፍሶ ከደረቱ አስሎ እንዲያወጣው፣ ከሰው ርቆ ከቤት ውጭ እንዲያደርገው አሳይተው ይስጡት።