የቪፒኤስ ሰርቨርን ባክአፕ በእጅ እንዴት መያዝ ይቻላል?

እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 ፈረንሳይ ስትራስቡርግ የሚገኘው የሰርቨር አከራዩ ድርጅት የኦቪኤች ዳታ ሴንተር ተቃጠለ። አንደኛው ሕንጻ ሙሉ በሙሉ ወደመ። ባክአፓቸውን እዚያው ያስቀመጡ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም አብረው አጡ።

ስለዚህ ቪፒኤስ፣ ማለትም በኢንተርኔት የምትጠቀሙበት የኪራይ ሰርቨር ካላችሁ፣ የአከራያችሁን ስናፕሾት (የሰርቨሩን የአንድ ቅጽበት ቅጂ) ብቻ ተማምናችሁ እንዳትቀመጡ። ስናፕሾት ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ በዚያው ድርጅት፣ በዚያው አካውንት ስር ነው የሚቀመጠው። አካውንቱ ከተዘጋ እሱም አብሮ ይሄዳል። ከዚህ በታች ያለው ኡቡንቱ ወይም ደቢያን ላይ ለሚሠራ፣ ዌብሳይትና ማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ላለው ሰርቨር የሚሆን ነው።

መጀመሪያ የምትይዙትን ለዩ። ሊኑክሱን እንደገና መጫን ቀላል ስለሆነ ሙሉውን ዲስክ መቅዳት አያስፈልግም። የማይተካው የዌብሳይቱ ፋይል፣ የሰርቨሩ ማስተካከያዎች ያሉበት የኢቲሲ ፎልደር፣ የሆም ፎልደር እና ዳታቤዙ ነው። ክሮንታብን (በየሰዓታቸው በራሳቸው የሚነሱ ሥራዎችን ዝርዝር) ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ዝርዝሩን ወደ አንድ ፋይል ገልብጡት። ከዚያ በዲኤፍ ትእዛዝ ባዶ ቦታ መኖሩን እዩ። ዲስኩ ጢም ካለ ባክአፑ መሃል ላይ ይቋረጣል፤ ዌብሳይቱም ሊቆም ይችላል።

ዳታቤዙ ላይ ረጋ በሉ። እየሠራ ያለን ዳታቤዝ ፋይሉን እንዲሁ መቅዳት አደጋ አለው። እናንተ ስትቀዱ እሱ እየጻፈ ስለሆነ ግማሹ የቅድም፣ ግማሹ የአሁን የሆነ ቅጂ ይወጣል። ዳታቤዙን ወደ ፋይል በሚገለብጠው በማይኤስኪውኤል ደምፕ አውጡት፤ ሲንግል ትራንዛክሽን የሚለውን አማራጭም ጨምሩበት። ሠንጠረዦቹ ኢኖዲቢ (የተለመደው የማይኤስኪውኤል ሠንጠረዥ ዓይነት) ከሆኑ ዌብሳይቱን ሳታቆሙ የአንድ ቅጽበት ሙሉ ቅጂ ታገኛላችሁ። ሲያልቅ የፋይሉን መጨረሻ ክፈቱ። ደምፕ ኮምፕሊትድ የሚል መስመር ከሌለ ሥራው አላለቀም፤ ድገሙት።

ፎልደሮቹን፣ የክሮንታቡን ዝርዝርና የዳታቤዙን ፋይል በታር ወደ አንድ ፋይል ጠቅልላችሁ በጂዚፕ ጨምቁ። ስሙ ላይ ቀኑን ጻፉ። በምንም ተአምር የዌብሳይቱ ፎልደር ውስጥ አታስቀምጡት፤ አድራሻውን የገመተ ሁሉ ሊያወርደው ይችላል። ውስጡ የዳታቤዝ ፓስወርድ ስላለ በጂፒጂ (ፋይል በፓስወርድ የሚቆልፍ ፕሮግራም) ቆልፉት። የመቆለፊያውን ፓስወርድ ሰርቨሩ ላይ አታስቀሩ።

አሁን ወደ ራሳችሁ ኮምፒውተር አምጡት። ከሰርቨሩ ከመላክ ይልቅ ከኮምፒውተራችሁ ሆናችሁ በአርሲንክ (ፋይል መቅጃ ፕሮግራም) ብትስቡት ይሻላል። እንዲህ ሲሆን ሰርቨሩን ሰብሮ የገባ ሰው ወደ ባክአፓችሁ የሚገባበት ቁልፍ አያገኝም። ፓርሻል የሚለውን አማራጭ አትርሱ። እኛ አገር መብራትም ኔትወርክም ስለሚቆራረጥ የወረደውን ይዞ እንዲቀጥል ያደርጋል። ከወረደ በኋላ በሁለቱም በኩል ሻ 256 (ከፋይሉ ይዘት መለያ ቁጥር የሚያወጣ) አሠሩና ቁጥሮቹን አስተያዩ። አንድ ከሆኑ ሰርቨሩ ላይ የቀረውን የባክአፕ ፋይል አጥፉ። ሁለተኛ ቅጂ በሃርድ ዲስክ ያዙና ሌላ ቤት አስቀምጡ።

የቀረው መልሶ መጫን ነው፤ እኔ ከሁሉም በላይ የምጨነቀው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የፕሮግራመሮች ኮድ ማስቀመጫ በሆነው ጊትላብ ውስጥ አንድ ሠራተኛ ዋናውን ዳታቤዝ በስህተት አጠፋ። የዳታቤዙ ዕለታዊ ባክአፕ ሲፈለግ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ባክአፑን የሚያወጣው መሣሪያ ቨርዥን ከዳታቤዙ ጋር ስላልገጠመ ሥራው ሲከሽፍ ቆይቶ ማንም አላወቀም ነበር። ያተረፋቸው ከ6 ሰዓት በፊት የተያዘ ስናፕሾት ነው።

እናንተ በሰዓት የሚከፈልበት ትንሽ ሰርቨር ተከራዩና ባክአፑን እዚያ ጫኑት። በኮምፒውተራችሁ ሆስትስ ፋይል (ኮምፒውተሩ የዶሜይን አይፒ የሚያይበት ፋይል) ላይ ዶሜይኑን ወደ አዲሱ አይፒ አዙሩ፤ ሌላው ሰው ምንም አይነካውም። ግቡ፣ ፈልጉ፣ ፎቶ ክፈቱ። ክሮንታቡን ግን አታስነሱት። ከሙከራው ሰርቨር ለእውነተኛ ደንበኞቻችሁ ኢሜይል ሊልክ ይችላል። ስትጨርሱ የሙከራውን ሰርቨር ጨርሳችሁ ሰርዙት፤ ብዙ አከራዮች ዘንድ ሳይሰርዙ ፓወር ኦፍ ማድረግ ብቻውን ሒሳቡን አያቆምም።