ማንበብ ለማይችለው ሰው የሚሠራ ምልክት

በአንድ የግንባታ ቦታ አንድ ልጅ በኤሌክትሪክ ተያዘ፤ ሥራ የጀመረው በዚያው ዕለት ጠዋት ነበር። ልብሱን የሚሰቅልበት ሲፈልግ የመብራት ማከፋፈያውን ሳጥን ከፈተ። በሩ ላይ ምልክት ነበረበት፤ የሠራሁት እኔ ነኝ። አሠሪው በእንግሊዝኛ ይሁን ብሎ አዘዘኝ፣ «ዴንጀር» (አደጋ) የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል፣ በቀይ ቀለም ጽፌ አስረከብኩ። ልጁ ከገጠር የመጣ ነው፣ አማርኛም ቢሆን አያነብም። ሕይወቱ ተረፈች። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ግን እስከ ዛሬ አይታጠፉም።

ከዚያ ወዲህ ወደ ማስታወቂያ ሥራ ቤቴ ለሚመጣ ሁሉ ከዋጋ በፊት የምነግረው ይህን ነው፤ ለሱቅዎ፣ ለጋራዥዎ ወይም ለሳይትዎ ምልክት ከማሠራትዎ በፊት ያንብቡት።

በመጀመሪያ ቅርጹን ይለዩ። አይኤስኦ 7010 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ምልክቶችን በቅርጽና በቀለም ይለያቸዋል። ቀይ ቀለበት ያለው ነጭ ክብ፣ ከላይ ከግራ ወደ ታች ወደ ቀኝ በቀይ መስመር ከተሰረዘ፣ ክልከላ ነው። ሰማያዊ ክብ ውስጥ ያለ ነጭ ሥዕል ግዴታ ነው፤ ሄልሜት ያድርጉ፣ ጓንት ያጥልቁ እንደ ማለት። ጥቁር ጠርዝ ያለው ቢጫ ሦስት ማዕዘን ማስጠንቀቂያ ነው። አረንጓዴው መውጫንና የመጀመሪያ ዕርዳታን፣ ቀይ አራት ማዕዘን ደግሞ የእሳት ማጥፊያን ያሳያል። ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት የሄልሜት ሥዕል በቀይ ቀለበት ውስጥ ማስገባት ነው። «ቀይ ይበልጥ ይታያል» ይሉኛል። አዎ ይታያል፤ ግን ሄልሜት ማድረግ ክልክል ነው የሚል ይመስላል። በክልከላ ምልክት ላይ ቀዩ ከጠቅላላው ስፋት ቢያንስ 35 በመቶ መያዝ አለበት፤ ስለዚህ ቀለበቱን እንደ ክር አቅጥኖ የሚያመጣልዎትን አይቀበሉት።

ሁለተኛው መጠኑ ነው። ደንበኞቼ ሁሉ «በኤ4 አትምልኝ» ይላሉ። ሰውየው ምልክቱን ማየት ያለበትን ርቀት በሜትር ይለኩ፤ በራሱ ያባዙት፣ ለ2,000 ያካፍሉት። የሚመጣው ቁጥር ምልክቱ በካሬ ሜትር ሊኖረው የሚገባው ዝቅተኛ ስፋት ነው። ይህ ስሌት እስከ 50 ሜትር ድረስ ያገለግላል። ለ10 ሜትር 0.05 ካሬ ሜትር ይሆናል፣ ማለትም ወርዱ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ። ኤ4 ወረቀት ላይ የሚገባው ትልቁ ክብ 21 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ከ8 ሜትር ብዙም አያልፍም። ለአንድ ክፍል በር ይበቃል፤ ለመጋዘን ወይም ለግቢ አይበቃም።

ጽሑፉ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ስለ ፊደላችን የሚጨነቅ ሰው አላየሁም። «አትንካ» ብለው ካጻፉ የሚያናግሩት ወንዱን ብቻ ነው፤ በሳይቱ ውስጥ አሸዋ የምትሸከመዋ እህታችንስ? «አይንኩ» ሁሉንም ይይዛል፣ አጭርም ነው። ምክንያቱንም ይጨምሩበት፦ «አይንኩ! 380 ቮልት፣ ይገድላል»። ባዶ «ክልክል ነው» በየአጥሩ ስላለ ዓይናችን ለምዶታል፤ የሚገድል ነገር ግን በስሙ ሲጠራ ሰው እጁን ይሰበስባል። ፊደሉ ወፍራም ይሁን፣ ጥላና ጌጥ አይኑረው። ጠ እና ጨ፣ ተ እና ቸ፣ ሰ እና ሸ የሚለያዩት በትንሽ ጭረት ነው፤ ከሩቅ ሲታዩ ያ ጭረት ይጠፋል። ሠራተኞችዎ ኦሮምኛ ወይም ወላይትኛ የሚናገሩ ከሆነ በዚያም ያጽፉ፤ ሥዕሉ ግን ሁልጊዜ በመጠን ከጽሑፉ ይብለጥ።

አሰቃቀሉ ላይ ዋናው ነገር ምልክቱ ሰው አደጋው ጋ ከመድረሱ በፊት እንዲታይ ነው። የሚከፈት በር ላይ አይለጥፉ፤ በሩ ሲከፈት ምልክቱ ወደ ግድግዳ ይዞራል። ከበሩ አጠገብ፣ በዓይን ከፍታ ይሁን። የእሳት ማጥፊያው ምልክት ግን ከፍ ይበል፤ ጆንያና ካርቶን ሲደረደር ይጋረዳልና። አንድ የእንጨት ሥራ ቤት በአንድ በር ላይ 11 ምልክት ለጥፎ አግኝቻለሁ። ስምንቱን አስነሥቼ ሦስቱን አሳደግኳቸው።

የማጨስ ክልከላን በተመለከተ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በቤት ውስጥ ሥራ ቦታና በሕዝብ መገልገያ ብቻ አልቆመም፤ ከበርና ከመስኮት በ10 ሜትር ክልልም ማጨስን ይከለክላል። ስለዚህ ምልክቱ ውጭም ይሰቀል። ውጭ ሲሰቀል ግን ፀሐይ ቀዩን ከጥቁሩ አስቀድማ ትበላዋለች። ቀይ ቀለበቱና መስመሩ ሲነጡ ጥቁሯ ሲጋራ ብቻዋን ትቀራለች፤ ያኔ ምልክቱ «እዚህ ያጭሱ» የሚል ይሆናል። ርካሹን ስቲከር ትተው ፀሐይ የሚችል ቪኒል አልሙኒየም ላይ ያስለጥፉ፤ በየስድስት ወሩም ቀለሙን ይዩ።

ከመታተሙ በፊት ሥዕሉን በወረቀት አውጥተው ቦታው ላይ በፕላስተር ያጣብቁት። ከዚያ በቅርብ የተቀጠረውን ሠራተኛ፣ ጥበቃውንና ሻይ የምታፈላውን ሴት ለየብቻ ጠርተው «ይሄ ምን እያለ ነው?» ብለው ይጠይቁ። «ገባህ?» አይበሉ፤ ሰው አክብሮዎት «አዎ» ይላል። እኔ ከሦስቱ አንዱ ከተሳሳተ ሥዕሉን እቀይራለሁ እንጂ ሰውየውን አላርመውም።

አደጋው ሲነሣ ምልክቱም ይነሣ። ጀነሬተሩ ከወጣ ሁለት ዓመት የሆነው፣ ምልክቱ ግን እዚያው ያለ ግቢ አውቃለሁ። ሠራተኞቹ በባዶው ክፍል ውስጥ ምሳ ይበላሉ፤ ከጎኑ ያለውንና እውነተኛ ኤሌክትሪክ ያለበትን ሳጥን ምልክትም እንደዚያው ባዶ ነው ብለው ሳጥኑን ይደገፉታል። እንዲህ ያለ ምልክት ካለዎት ካቻቪቴ ይዘው ዛሬውኑ ያውርዱት።